ከደላንታ በመጣ ገብስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ምንድን ነው?

ጦሳ ሥር | ግንቦት 9

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ደሴ ነኝ፣ እናቴ ደላንታ ናት። ለበሶ የሚሆነኝን ገብስ በየዓመቱ ከራሷ ጎተራ ትልክልኛለች። ዘንድሮ በልጉ ስላልያዘላት እዚያው ገበያ ከአንድ ነጋዴ አንድ ኩንታል ገዝታ ግማሹን ለዘር አስቀረች፣ ግማሹን ለእኔ ላከች።

ትናንት ማታ ሰፌድ ላይ አድርጌ ሳንጠረጥር ስናር በዝቶበታል። እሱስ የለመድነው ነው። ያስደነገጠኝ በመሃሉ የተቀላቀለው ነገር ነው። ጥቁር ሆኖ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል፣ ከገብሱ ፍሬ ይረዝማል፣ እንደ ትንሽ ቀንድ ጎበጥ ብሏል። ከአንድ ኩባያ ገብስ አሥራ አንድ ለቀምኩ።

እናቴ ጋ ብደውል «የአይጥ በጠጥ ነዋ፣ ልቀሚውና ፍጪው» አለችኝ። የአይጥ በጠጥ ግን አውቃለሁ፣ በጣት ሲያሹት ይፈረፈራል። ይሄ ጠንካራ ነው። በጥፍሬ ገፋ አድርጌ ስሰብረው ውስጡ ነጣ ያለ ግራጫ ነው። ነጋዴው ሲጠየቅ «የአፈር ጓል ነው» ብሎ ስልኩን ዘጋው። ፎቶውን አያይዣለሁ። በሶ የሚወዱ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ የምታውቁ ካላችሁ ቶሎ በሉኝ።

የባቲ ሰኞ | ግንቦት 9

እህቴ አትጨነቂ፣ አረማሞ ነው። ታጥቦ ይሄዳል።

ጦሳ ሥር | ግንቦት 9

አረማሞ ቢሆንማ ጣቴን ጥላሸት አስመስሎት ነበር። ይሄ ምንም አይለቅም።

አምባሰል ማር | ግንቦት 9

የአፈር ጓል የሸጠው ነጋዴ ሚዛኑ ላይም አፈር ሳይጨምርበት አይቀርም 😄

የእሸት ሐኪም | ግንቦት 10

ጦሳ ሥር፣ ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። ከዚያ ኩንታል አንድም ፍሬ አትፍጪ፤ ለዶሮም ለበግም እንዳይሰጥ። ለእናትሽም ዛሬውኑ ደውይላት።

ትምህርቴ የዕፅዋት በሽታ ነው። ያየሽው ኤርጎት ይባላል፣ ክላቪሴፕስ ፑርፑሪያ የሚባለው ፈንገስ የሚሠራው ነው። ከአረማሞ የሚለየው አንቺ ራስሽ ባደረግሽው ፈተና ነው። አረማሞ ሲነኩት ጥቁር ዱቄት ይሆናል። ኤርጎት ግን እንጨት እንደመሰለ ይቆያል፣ ሲሰበር ውስጡ ነጣ ይላል።

አመጣጡን ልንገራችሁ፣ እኔን ሁሌ የሚገርመኝ እሱ ነው። እህሉ ሲያብብ የሴቴዋ አበባ ጫፍ የወንዴውን ብናኝ ለመቀበል ተከፍቶ ይጠብቃል። ብናኙ እዚያ ካረፈ በኋላ ቀጭን ክር አውጥቶ ወደ ታች፣ ፍሬው ወደሚፀነስበት ማህፀን ይወርዳል። የፈንገሱም ብናኝ እዚያው ያርፋል፣ እሱም ክር ያወጣል፣ በዚያው መንገድ ይወርዳል። ተክሉ ጠላት ሲገባበት የሚያደርገውን መከላከል እዚህ ላይ እምብዛም አያደርግም። ሙሽራው ነው ብሎ በሩን ይከፍታል። ሚዜ መስሎ ድንኳን ገብቶ ሙሽሪትን ይዞ የሚጠፋ ማለት ነው።

ማህፀኗ ከደረሰ በኋላ ግንዱን አይነካም፣ ቅጠሉን አያደርቅም። ፍሬዋን ብቻ በልቶ ቦታዋን ይይዛል። እናት ተክሏ ለልጇ ብላ ከግንዷ የምትልከውን ስኳርና ውሃ እሱ ይጠባዋል። በሳምንት በአሥር ቀን ውስጥ ከዘለላው ላይ ማር የመሰለ፣ የሚያጣብቅ ጠብታ ይንጠባጠባል። ስኳሩ የተክሉ ነው፣ ውስጡ ግን በሚሊዮን የሚቆጠር የፈንገስ ዘር አለ። ዝንብ ሊልሰው ይመጣና በእግሩ ወደ ቀጣዩ አበባ ይወስደዋል፤ ዝናብም ይረጨዋል። ከዚያ በኋላ ነው ጠብታው ደርቆ ያ ጥቁር ቀንድ የሚወጣው። ቀንዱ አጨዳ ላይ ከፊሉ መሬት ይወድቃል፣ ከፊሉ አውድማ ይገባል። መሬት የወደቀው እንዲበቅል ብርድ ይፈልጋል። ስለዚህ የደጋ ነገር ነው፣ ደላንታ ደግሞ ብርድ አይቸገርም።

አያ ሙሄ | ግንቦት 10

የእሸት ሐኪም፣ አላህ ይስጥህ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። ይሄን ነገር በ1970 ዓ.ም. በዓይኔ ያየሁት ነው።

ያን ዓመት ስናሩ ገብሱን በልጦ በቀለ። ሰዉ ከዚያ በፊት ተርቦ ነበርና ማን ስናር ይለያል? ያገኘውን ፈጭቶ ቂጣ ጋገረ። መጀመሪያ ጣቴን ጉንዳን ወረረኝ ይላሉ፣ ቀጥሎ እግሬ በረደኝ። እሳት ዳር ቢቀመጡም አይሞቅም። ከዚያ ጣቱ ይጠቁራል። ቁስል አይደለም፣ መግልም የለው፣ እንደ ከሰል ነው የሚደርቅ። የጎረቤታችን ልጅ፣ የእኔ እኩያ፣ የግራ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ በታች ደርቆ በራሱ ጊዜ ወደቀ። አንዱ ልክፍት ነው አለ፣ ሌላው የደረሰበት እርግማን ነው አለ፣ ጠበል ሄዱ፣ ዱዓ ተደረገ። እህሉን የጠረጠረ አልነበረም። የበላነው አንድ ነበር፣ የታመመው ግን አንዱ ቤት ከሌላው ቤት ይለይ ነበር።

የእሸት ሐኪም | ግንቦት 10

አያ ሙሄ፣ እርስዎ ያዩት በሕክምና ጽሑፎች የተመዘገበ ነው። በ1977 እና 78 እ.ኤ.አ. ዋድላ ደላንታ አውራጃ ውስጥ 140 ሕሙማን ተመዝግበው ከመቶ 34ቱ ሞተዋል። መንስኤውም በስናሩ ላይ የነበረው ኤርጎት ሆኖ ተገኘ። በ2001 እ.ኤ.አ. ደግሞ አርሲ ላይ በገብስ በኩል ተመሳሳይ ነገር ደርሷል።

ቤት ከቤት የተለየው እህሉ የተነፋበትና የተለቀመበት መጠን ስለሚለያይ ነው። እፍኝ ዱቄት ውስጥ ስንት ቀንድ እንደተፈጨ ነው ነገሩ። መርዙ ደም ሥርን ያጠብባል፤ ደም ጣት ድረስ መድረስ ያቅተዋል። ለዚህ ነው መግል ሳይይዝ የሚደርቀው። ነፍሰ ጡር ከበላችው ታስወርዳለች። ጣቱ የበረደው፣ ጉንዳን የወረረው ሰው ካለ እህሉን ጥሎ ዛሬ ሐኪም ቤት ይሂድ።

ወረኢሉ | ግንቦት 11

ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ ጓያ አይደለም እንዴ? እኛ አገር እግር የሚይዘው ጓያ ነው።

የእሸት ሐኪም | ግንቦት 11

አይደለም። ጓያ እግር ያሽመደምዳል እንጂ አያደርቅም፣ መርዙም የራሱ የተክሉ ነው፣ ፈንገስ የለበትም። የጓያ ሰው በበትር ይሄዳል፣ እግሩ ግን ሙቅ ነው።

ቦሩ ሜዳ | ግንቦት 11

ሁሉን ነገር መርዝ አደረጋችሁት። አባቶቻችን ስናሩንም እንክርዳዱንም በልተው መቶ ዓመት ኖረዋል። የፈረንጅ መጽሐፍ እያነበባችሁ ሰዉን ከእህሉ አታጣሉት።

አያ ሙሄ | ግንቦት 11

ልጄ፣ የኖሩትን ነው ያገኘሃቸው። ያልኖሩትን ማን ይነግርሃል? ደግሞም አባቶችህ በልተው አልነበረም፣ ለቅመው ነበር። እናቴ ሰፌድ ይዛ ስትቀመጥ ጥላ ከአንድ ግድግዳ ወደ ሌላው ይዞር ነበር።

ገነቴ | ግንቦት 12

እኔ ለገበያ ጠላ ጠማቂ ነኝ፣ ኮምቦልቻ። እንክርዳድ ሲነሳ ልጠይቅ ብዬ ነው። ብቅሉ ውስጥ እንክርዳድ ከገባ ጠላው ሰው ያዞራል፣ ራስ ምታቱም እስከ ማግስቱ አይለቅም። «ጠላሽ በረታ» እያሉ የሚያሞግሱኝ አሉ፣ እኔ ግን ነገሩን ስለማውቀው አፍራለሁ። እንክርዳድ ላይ ጥቁር ቀንድ አይቼ አላውቅም። ፍሬው ንጹሕ ነው፣ ስንዴ ይመስላል። ታዲያ ምኑ ነው የሚያሰክር?

የእሸት ሐኪም | ግንቦት 12

እትዬ ገነቴ፣ ከዚህ ክር ሁሉ የምወደው ጥያቄ የእርስዎ ነው።

እንክርዳዱም ውስጥ ፈንገስ አለ። በዓይን የማይታየው ውስጥ ስለሚኖር ነው። በ1898 እ.ኤ.አ. ፍሬውን ሰንጥቀው በማይክሮስኮፕ ያዩ ሰዎች ከቅርፊቱ ሥር ቀጭን የፈንገስ ክር ተነጥፎ አገኙ። ዘመዱ ኤርጎት ነው፣ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ኤርጎት ፍሬዋን ይገድላል። የእንክርዳዱ ግን ፍሬዋ ውስጥ ገብቶ ሳይነካት ይተኛል፤ ስትዘራ አብሮ ይነቃል፣ ስታድግ በግንዷ ሴሎች መካከል አብሮ ያድጋል፣ ስታፈራ ወደ ልጆቿ ይሻገራል። ከእናት ወደ ልጅ ነው የሚወረሰው። ከሜዳ ወደ ሜዳ የሚበር ብናኝ አያስፈልገውም።

እንደ ጭሰኛ አስቡት። ቤትና ቀለብ ከተክሉ ያገኛል፣ ሲሶውን በመርዝ ይከፍላል። ሎሊን የሚባሉ ኬሚካሎች ይሠራል፣ ሣሩን ሊበላ የመጣ ተባይ ይሞታል ወይም ይሸሻል። ተክሉ እሾህም መራራ ቅጠልም የለውም፤ ጠባቂው ይሄ ነው። ጭሰኛው ያለ ተክሉ መኖር ስለማይችል ተክሉን ቢጎዳ ራሱን ነው የሚጎዳ። ኤርጎት ግን ነገ ሌላ አበባ ያገኛል፤ ስለዚህ አይራራም። የመርዘኛ ፈንገስና የአስጠጊው ተክል ነገር ግማሹ እዚህ ላይ ያርፋል፤ ከዚህች ተክል ጋር ዕጣው ታስሯል ወይስ አልታሰረም ነው ጥያቄው።

የእርስዎን ብቅል በወንፊት ማበጠር አይበቃም፣ የእንክርዳድ ፍሬና የስንዴ ፍሬ መጠናቸው ይቀራረባል። ከማሳው ሳለ ነው መንቀል።

ሚዙሪ ያለ ወሎዬ | ግንቦት 13

ሰላም የአገሬ ልጆች። እዚህ ከብት እርባታ ላይ ነው የምሠራው፣ ይሄ ጭሰኛ ያላችሁት የእኛም ራስ ምታት ነው። ፌስኪዩ የሚባል ሣር አለ። ኬንታኪ 31 የሚባለው ዓይነቱ በ1943 እ.ኤ.አ. ለገበሬ ተሰጥቶ አገሩን ሞላው፤ ድርቅ ይችላል፣ ክረምት ከበጋ አረንጓዴ ነው። ከብቶቹ ግን በላዩ ላይ ይከሳሉ፣ በብርድ ወቅት የጅራታቸው ጫፍና ሰኮናቸው ይደርቃል። አያ ሙሄ የጻፉትን ሳነብ ዘገነነኝ፣ ያው ነው። ምክንያቱ ሣሩ ውስጥ የሚኖር ፈንገስ መሆኑ የታወቀው በ1977 እ.ኤ.አ. ነው።

የሚገርመው ቀጥሎ የሆነው ነው። ፈንገሱ የሌለበት ንጹሕ ዘር አዘጋጅተው ሸጡ። ከብቱ ወፈረ፣ ሣሩ ግን ድርቅና ግጦሽ ሲበረታበት አለቀ። ጭሰኛውን ሲያባርሩ ርስቱም ጠፋ ማለት ነው። አሁን ከብት የሚጎዳውን መርዝ የማይሠራ፣ ተባይ የሚያባርረውን ግን የሚሠራ ሌላ ፈንገስ መርጠው ሣሩ ውስጥ ያስገባሉ።

አምባሰል ማር | ግንቦት 13

ጥሩ ጭሰኛ መርጦ ማስገባት! እኔም ለቤቴ ተከራይ እንዲህ በማይክሮስኮፕ ብመርጥ።

ቆቦ ማሽላ | ግንቦት 14

የደጋውን ጨረሳችሁ፣ ወደ እኛ ቆላ ውረዱ። እኛ ጋ ማሽላው ዘለላ ላይ ዝናብ ባጠረበት ዓመት አረንጓዴ ቢጫ ሻጋታ ያወጣል። ጉድጓድ ከገባ በኋላማ ሽታው ለብቻው ነው። ይሄስ ጭሰኛ ነው ሌባ?

የእሸት ሐኪም | ግንቦት 14

ጅብ ነው። አስፐርጂለስ ፍላቨስ ይባላል፣ መርዙ አፍላቶክሲን ነው። አፈር ውስጥ በሞተ ገለባ ላይ ይኖራል፣ ጤነኛ ተክል ላይ ብዙም አቅም የለውም። የሚጠብቀው መድከም ነው። ሙቀቱ በርትቶ ዝናቡ ሲቀር፣ አገዳ ቆርቁር ሲበሳው፣ ነቀዝ ሲቀድደው ያኔ ይገባል። ለውዝ ላይ በደንብ የተጠና ነገር አለ። የለውዝ ፍሬ ሻጋታ ሲነካው የራሱን መድኃኒት ይሠራል። ድርቁ ፍሬውን ውሃ ሲያሳጣው ግን ያን መድኃኒት መሥራት ያቆማል፣ ሻጋታው ደግሞ በዚያ ድርቀት ገና አልተቸገረም። ክፍተቷ ያቺ ናት።

ድርቅ በበዛበት አገር ይሄ ቀላል አይደለም። ኬንያ ውስጥ በ2004 እ.ኤ.አ. በበቆሎ ምክንያት 317 ሰው ታሞ 125ቱ ሞተዋል። መርዙ ጉበት ነው የሚመታ፤ ቢቀቀልም ቢቆላም አይጠፋም። ማሽላችሁ ጥርስ ሥር ሲደረግ «ቀጭ» ብሎ እስኪሰበር ሳይደርቅ ጉድጓድ አታስገቡት። የሻገተውን ለላሟ መስጠትም አያድንም፣ በወተቷ በኩል ወደ ልጆቻችሁ ይመለሳል።

ቆቦ ማሽላ | ግንቦት 14

ላሟንስ ስንት ዓመት ሰጠናት። እሺ።

ወረኢሉ | ግንቦት 15

አንድ ነገር አልገባኝም። የእንክርዳዱ ፈንገስ መርዙን ሣሩን ለሚበላው ተባይ ነው የሚሠራው ካልክ፣ ተክሉን ራሱን የሚመርዝ ፈንገስ የለም?

የእሸት ሐኪም | ግንቦት 15

አለ እንጂ። ፉዛሪየም ግራሚኒያረም የሚባለው ስንዴ ላይ ሲገባ ዘለላው ገና እሸት ሳለ ከፊሉ ይነጣል። መርዙ የስንዴውን ሴል ፕሮቲን መሥራት ይከለክለዋል። ተመራማሪዎች መርዝ መሥራት የማይችል ፉዛሪየም አዘጋጅተው ስንዴ ላይ ሲሞክሩት በገባባት አንዲት ፍሬ ቤት ታግዶ ቀረ። ወደ ጎረቤት ፍሬ መሻገር አቃተው። መርዙ የበር መስበሪያው ነበር። ገብስ ላይ ግን መርዝ ቢኖረውም እንደዚያ አይሻገርም፣ የገብስ በር ሌላ ነው።

አሁን የእትዬ ገነቴን ጭሰኛ አስታውሱ። የስንዴ ዘመድ የሆነ አንድ የዱር ሣር ይሄን የፉዛሪየም መርዝ የሚያከሽፍ ዘረ መል አለው፣ አርቢዎች ወደ ስንዴ አሻግረውታል። በ2020 እ.ኤ.አ. የቻይና ተመራማሪዎች ዘረ መሉ ከየት እንደመጣ ሲፈልጉ ከሣር ወገን ሁሉ ዘመድ አጡለት። ያገኙት ፈንገስ ውስጥ ነው፤ እነዚያ ሣር ውስጥ የሚኖሩት ጭሰኞች ውስጥ። ድሮ ድሮ ጭሰኛው መሣሪያውን ለባለርስቱ ጥሎለት ሄዷል።

ቦሩ ሜዳ | ግንቦት 15

ይሄኛውን ግን ወድጄዋለሁ። ቀደም ሲል ለጻፍኩት አያ ሙሄ ይቅር ይበሉኝ።

አያ ሙሄ | ግንቦት 15

አውፍ ብያለሁ።

ጦሳ ሥር | ግንቦት 16

የእኔን ገብስ አምስት ጊዜ ጠቅልዬ የሰው እጅ ከማይደርስበት ቀበርኩት። ሆዴ ግን እናቴ ጋ ነው። ለዘር ያስቀረችውን ጣይው ብላት «ምን ልዝራ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ምን ልበላት?

የእሸት ሐኪም | ግንቦት 16

ለዘር ከሆነ በጨው ይዳናል። ለ10 ሊትር ውሃ 2 ኪሎ ጨው አሟሙቶ፣ ገብሱን ጨምሮ ማማሰል። ደህናው ፍሬ ይሰጥማል፣ ኤርጎቱና የጨነገፈው ይንሳፈፋል። የተንሳፈፈውን ገፍፎ ማቃጠል፣ የሰጠመውን ቶሎ በንጹሕ ውሃ አጥቦ ጥላ ላይ ማድረቅ። ይሄ ለዘር ነው፣ ለመብል አላልኩም። ከተቻለ ዘንድሮ ያቺን ማሳ ባቄላ ትዝራባት፤ ፈንገሱ የሣር ወገን እንጂ ባቄላ አይነካም፣ መሬት ውስጥ ያለውም ቀንድ ዓመት ብዙ አያልፍም። ገብሱን ሌላ ማሳ ላይ። ዳር ዳሩን የሚበቅለውን ስናር ሳያብብ ታጭደው።

የባቲ ሰኞ | ግንቦት 16

ጨው ከእኛ ውሰዱ። አረማሞ ነው ያልኩበት ካሳ ይሁን።

ጦሳ ሥር | መስከረም 21

ክሩን የምትከታተሉ ካላችሁ። እናቴ በጨው አንሳፈፈችው። ሁለት ጣሳ ሙሉ ጥቁር ወጣ፣ ጎረቤቶቿ ሊያዩ መጡ፣ ሁለቱ የራሳቸውን ዘር ይዘው ተመለሱ። ባቄላው ደህና ነው፣ ገብሱም ዘለላ ይዟል።

ትናንት ማታ ደወለችልኝ። ድንበሩ ላይ ያመለጣት ስናር አለ፣ ጠዋት ስታልፍ ዘለላው እንደ ማር ያንጠባጥባል፣ እጇን ያጣብቃል። ያን የሚዜውን ነገር አንብቤላት ነበር። «ልጄ፣ ዝንቡ ሠርግ ቤት ነው» አለችኝ። ልታጭደው ነው፣ ከዚያ በኋላ ምን ታድርገው?

የእሸት ሐኪም | መስከረም 21

ዛሬውኑ፣ ጤዛው ሲለቅ። ሌላ ማሳ አቋርጣ አትሸከመው፣ እዚያው ትቆልለውና ሲደርቅ ታቃጥለው። እጇን ሳትታጠብ ገብሱን እንዳትነካ። ጥጆቹንም ከዚያ ድንበር ታርቃቸው።